ለአባባ፣ ስለ ማሙሽ ጢንዚዛዎች

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ፍራንክፈርት ብርዱ ገብቷል።

መውደቅዎን ጋሼ የነገረኝ ከሳምንት በኋላ ነው። «ትንሽ አዳልጧቸው ነው» አለኝ። የግፊት መድኃኒቱን ከተዉት ወር እንዳለፈዎት ሲጨምርልኝ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አባባ፣ የግፊት መድኃኒት ተሻለኝ ተብሎ የሚተው አይደለም። የተሻለዎት ስለሚውጡት ነው። ብር ልኬያለሁ። ለመድኃኒት ነው፣ ለማንም እንዳያበድሩት።

ስደውል ልነግርዎ ነበር። እርስዎ ግን «ደህና ነሽ? ልጁ ደህና ነው?» ካሉ በኋላ ስልኩን ለጋሼ ያቀብሉታል። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ጻፍኩ።

ማሙሽ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ለልደቱ ውሻ ይገዛልኝ ብሎ ሲያለቅስ ነበር። ቤታችን ጠባብ ነው፣ እኔም ፈረቃ እገባለሁ፤ ውሻ ከየት ይምጣ? በኋላ የክፍል ጓደኛው ስድስት ጢንዚዛ ሰጠው። አዎ፣ ጢንዚዛ። እዚህ አገር የቤት እንስሳ አድርገው ያረቧቸዋል፣ ሱቅም ይሸጣሉ። እንክብካቤያቸው ቀላል ነው። ክዳኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ሳጥን ይበቃቸዋል። ውስጡ አንድ ስንዝር የሚሆን አፈር፣ ከጫካ ያመጣነው የበሰበሰ ቅጠልና በጣት የሚፈርስ እንጨት አለ። አፈሩ ሲጨብጡት እንዲያያዝ እንጂ ውሃ እንዲያንጠባጥብ አይፈለግም። ከደረቀ ትሎቹ ይሞታሉ፣ ከራሰ ደግሞ ይሻግታል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ይወዳሉ። ምግባቸው የበሰለ ሙዝ ነው። ማሙሽ በሁለት ቀን አንዴ ይቀይርላቸዋል። የራሱን ቁርስ ይረሳል፣ የእነሱን ሙዝ ግን አይረሳም።

ከስድስቱ አሁን ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ትሎች ወጥተዋል። አንዱን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ነጭ፣ ወፍራም፣ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ነው። ጥቂት ቆየና ተዘረጋ፤ ከዚያ በጀርባው ተገልብጦ፣ እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ በጀርባው መሄድ ጀመረ። እግር እያለው! ተፈጥሯቸው እንዲያ ነው። ሲያድግ በአፈር የድንቢጥ እንቁላል የሚያህል ቤት ይሠራና ይዘጋበታል። ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ እስኪያወጣ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጅበታል። ማሙሽ አንዷን ድቡልቡል ጆሮዬ ላይ አደረጋት። ውስጧ ይጭራል። «እንዳትነኪው እማ፣ ቤቱ ከተሰበረ ይሞታል» አለኝ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው አንድ ነገር ማለት ፈርቼ ነው።

የዛሬ ወር አንዱ ከሳጥኑ አምልጦ በረረ። የላይኛውን ጠንካራ ክንፋቸውን አይከፍቱትም፣ እንደተዘጋ ቀጭኑ ክንፍ በጎን ይወጣና ይጮሃል። እኔ ወጥ ቤት ሰሃን ይዤ ነበር። ያን ድምፅ ስሰማ ደርቄ ቀረሁ። ማሙሽን ስጠይቀው ስሙን አሳየኝ፣ ፓክኖዳ ማርጊናታ ይባላል። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ነው። የእኛን ማሽላ የበላው ደግሞ ፓክኖዳ ኢንተራፕታ ነው። የአንድ ወገን ልጆች ናቸው አባባ።

የ1987ቱን ጥቅምት ያስታውሱታል። ማሽላው ወተት ይዞ ነበር። በአንድ ዛላ ላይ አሥርም አሥራ አምስትም ሆነው ተቀምጠው ይመጥጡታል፣ ገለባው ብቻ ይቀራል። ፀሐይ ሳትሞቃቸው ለመልቀም በሌሊት ተነስተን እንወርዳለን። እርስዎ ዛላውን ወደ ማዳበሪያው ከረጢት ዘንበል አድርገው ያራግፋሉ፣ እኔ የከረጢቱን አፍ እይዛለሁ። እጅዎ ሲንቀጠቀጥ አይ ነበር። የብርዱ መስሎኝ ነበር።

እኔ አንዱን በክብሪት ቤት ደብቄ ነበር። ቢጫና ጥቁር፣ በጣም የሚያምር። የማሽላ እሸት እሰጠው ነበር። አግኝተው ከነክብሪት ቤቱ ምድጃ ውስጥ ጣሉት። አልተቆጡም፣ አልመቱኝም፣ አንድ ቃል አልተናገሩም። በሳምንቱ ሸዋ ሮቢት አውቶቡስ ላይ አሳፍረው አዲስ አበባ ለአክስቴ ላኩኝ። «እስከ በልግ ነው» አሉኝ። ሸንኮራ ገዝተው በመስኮት ሰጡኝ፣ ዞረውም ሄዱ። በልግ መጣ፣ ሄደ። አሥራ ሁለት ዓመት እዚያው ቀረሁ።

በጢንዚዛው ምክንያት ያባረሩኝ መስሎኝ ነበር። ለብዙ ዓመት። እህል እንዳለቀ ያወቅሁት አድጌ ነው፤ ጋሼ ነው የነገረኝ። የተማርኩትም፣ እዚህ የደረስኩትም በዚያ ምክንያት ነው፤ አልክድም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን አባባ፣ አምስት ልጅ ነበርን። ለምን እኔ? አክስቴ መርጣ ነው? እርስዎ ነዎት? ወይስ እማማ እያለቀሰች ነው የወሰነችው? እሷን መጠየቅ አልደረሰልኝም።

አሁን ማሙሽ በዚያን ጊዜ ዕድሜዬ ነው። ማታ ተኝቶ አየዋለሁ። እግሩ ከአልጋው መጨረሻ እንኳን አይደርስም። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር። ይህን ሳይ ቁጣዬም ይነሳል፣ እርስዎም ያሳዝኑኛል። ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚመጡት።

ደብዳቤውን የምታነብልዎ የጋሼ ልጅ እዚህ ጋ ስትደርስ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

ጋሼ እንዳለኝ፣ በኋላ ከምርምር የመጡ ሰዎች ጢንዚዛውን በበሰለ ሙዝ ወጥመድ ሊይዙት ሞክረው ነበር። ለማሙሽ ይህን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «አያቴ ጢንዚዛ ይጠላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንደምለው ጠፋኝ። «ርቦት ነበር» አልኩት።

ክኒኑን ጠዋት ጠዋት፣ ከቁርስ ጋር ይዋጡ። ዱላዎንም ይያዙ፣ ከደጅ ያለው ድንጋይ ሲርስ ያዳልጣል።

እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ እደውላለሁ። ማሙሽ ስለ ጢንዚዛው ትል የሚጠይቅዎ አለው፤ አማርኛው ሰባራ ነው፣ ይታገሱት። እሱ ሲጨርስ እኔ እቀጥላለሁ። ስልኩን ለጋሼ አይስጡት።

ልጅዎ