ለደንበኞቻችን፦ ሞዱላር ኬዝን ከመግጠማችን በፊት ለምን እንፈታዋለን

ጉዳዩ፦ ሞዱላር ሚድ ታወር የኮምፒውተር ኬዝ የምንመዝንበትን መንገድ ስለማስረዳት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ደጋግማችሁ ከምትጠይቁን አንዱ ይህ ነው፦ «የመረጥኩት ኬዝ ሞዱላር (ውስጡ ተፈትቶ የሚለዋወጥ) ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ልኬትም ይበቃኛል። ታዲያ ለምን ሌላ ታሳዩኛላችሁ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በሥራ መሀል ቆመን የምንሰጠው መልስ ግን ሁልጊዜ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ኬዝ እጃችን ሲገባ ምን እንደምናደርግበት፣ ምን አይተን እንደምንቀበለውና ምን አይተን እንደምንመልሰው በጽሑፍ ልንነግራችሁ ወደድን።

ኬዝ ከኮምፒውተሩ ዕቃዎች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ሊኖረው የሚገባው ነው። ፕሮሰሰር ይቀየራል፣ ግራፊክስ ካርድ ይቀየራል፣ ኤስኤስዲ ሲሞላ ይተካል። ኤቲኤክስ የሚባለው የማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ልክና የብሎን ቀዳዳዎቹ ቦታ ግን ኢንቴል ደረጃውን በ1995 እ.ኤ.አ. ካወጣ ወዲህ እንዳለ ነው። ዛሬ በደንብ የተሠራ ኬዝ የገዛ ሰው ሁለትና ሦስት ትውልድ ማሽን ሊገጥምበት ይችላል ማለት ነው። ሞዱላር የሚለው ቃል ዋጋ የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው፤ ወደፊት ሌላ ዕቃ ሲመጣ ኬዙ እንደ ዕቃው ይለወጣል የሚል ቃል ኪዳን ስለሆነ። እኛም ቃል ኪዳኑን የምንፈትነው ኬዙ አዲስ ሆኖ ሲያምር ሳይሆን ለሦስተኛ ጊዜ ሲፈታ ነው።

ሚድ ታወር ስንል 305 በ244 ሚሊ ሜትር የሆነውን ሙሉ የኤቲኤክስ ማዘርቦርድ የሚችል፣ ጀርባው ላይ አብዛኛውን ጊዜ 7 የካርድ ማስገቢያ ያለው፣ መካከለኛ ቁመት ያለው ኬዝ ማለታችን ነው። 244 በ244 የሆነው ማይክሮ ኤቲኤክስና 170 በ170 የሆነው ሚኒ አይቲኤክስም ይገቡበታል። ሞዱላር የሚያሰኘው ደግሞ የውስጥ አካሉ ተበይዶ አለመቅረቱ ነው። የሃርድ ዲስክ መደርደሪያው፣ የማራገቢያ መያዣው፣ የፓወር ሰፕላይ መሸፈኛው፣ አንዳንዴም ማዘርቦርዱ የሚያርፍበት ላሜራ ራሱ ይወጣል፣ ቦታ ይቀይራል፣ ይገለበጣል።

ኬዙ እንደመጣ ምንም ሳንገጥምበት ባዶውን እንፈታዋለን። ይወጣል የተባለውን ሁሉ አውጥተን መልሰን እንገጥማለን፤ ይህን ሦስት ጊዜ እንደጋግመዋለን። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ኬዝ ደህና ይመስላል። በሦስተኛው ግን አንዳንዱ ብሎን ሳይጠብቅ መዞር ይጀምራል፤ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኬዝ ላይ በብዛት የምናየው 6-32 የሚባለው ብሎን በአንድ ጥርስና በሚቀጥለው መካከል 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀት አለው። ላሜራው 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነና ጥርሱ በቀጥታ እሱ ላይ ከወጣ፣ ብሎኑን የሚይዘው አንድ ሙሉ ዙር እንኳ አይሞላም። ኃላፊነት የሚሰማው አምራች ቀዳዳውን አንገት ያወጣለታል፤ ወይም ከጀርባው ዳዶ ይጭንበታል። ተበይዶ ለሚቀር ኬዝ ይህ ብዙም ላያሳስብ ይችላል። ሞዱላር ለተባለው ግን የሕይወቱ ጉዳይ ነው፤ የተሠራው ሊፈታ ነውና።

እግረ መንገዳችንን ብሎኖቹን ራሳቸውን እናያለን። ፓወር ሰፕላይና 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ 6-32ን ይወስዳሉ፤ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ደግሞ ቀጭኑንና ጥርሱ ደቃቅ የሆነውን ኤም 3። ሁለቱ ለዓይን ስለሚመሳሰሉ በአንድ ከረጢት ተቀላቅለው ሲመጡ ሰው ወፍራሙን በቀጭኑ ቀዳዳ በጉልበት ያስገባዋል፤ ዕቃውም ይበላሻል። ለየብቻ ከረጢት አድርጎ ምልክት የጻፈበትን አምራች ከልብ እናመሰግናለን። ከዚያ በኋላ ስስ ጨርቅ ወስደን በውስጥ ጠርዞቹ ላይ እናስኬዳለን። ጨርቁ ከተያዘ ያ ጠርዝ ጣትንም የኬብል ሽፋንንም ይልጣል። እንዲህ ያለውን ኬዝ ሌላው ነገሩ ምንም ያህል ቢያምር ለእናንተ አናቀርብም።

አሁን ብዙ ደንበኞቻችን የተቸገሩበትን ነገር እናንሳ። ካርቶን ላይ የሚጻፉት ልኬቶች እያንዳንዳቸው ለብቻ እውነት ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይጋጫሉ። አንድ ኬዝ «እስከ 400 ሚሊ ሜትር ግራፊክስ ካርድ» እና «ፊት ለፊት 360 ራዲያተር» (ፕሮሰሰሩን በውሃ የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ይላል እንበል። 400 የተባለው ፊት ለፊቱ ባዶ ሆኖ የተለካ ሊሆን ይችላል። የተለመደ ቀጭን ራዲያተር 27 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ማራገቢያው 25። ሁለቱ ሲደመሩ 52 ስለሚሆኑ ለካርዱ 348 ይቀራል። በራዲያተሩ በሁለቱም በኩል ማራገቢያ ከተደረገ ደግሞ 323 ብቻ። በዚህ ጊዜ 340 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ካርድ ያለው ሰው ካርቶኑን አምኖ ከገዛ፣ ካርዱ እንደማይገባ የሚያውቀው ሁሉንም ከፈታ በኋላ ነው። «360» የሚለው ራሱ የሦስት ባለ 120 ማራገቢያዎች ድምር እንጂ የራዲያተሩ ሙሉ ርዝመት አይደለም። በሁለቱ ጫፍ ያሉት የውሃ ማጠራቀሚያዎች ሲጨመሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ390 ያልፋል።

ጣሪያው ላይም ተመሳሳይ ግጭት አለ። ራዲያተሩና ማራገቢያው 52 ሚሊ ሜትር ወርደው ሲንጠለጠሉ ከራም ጋር ይገናኛሉ። ሽፋን የሌለው ተራ ራም ቁመቱ 31 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፤ ባለ ጌጥና ባለ ረጅም ማቀዝቀዣው ራም ግን ከማራገቢያው ጋር ይጋጫል። ወደ ታች ስንወርድ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩና የሃርድ ዲስክ መደርደሪያው በአንድ ጠባብ ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፓወር ሰፕላዩ 160 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከኋላው የሚወጡት ኬብሎች የሚታጠፉበት ቦታም ይፈልጋሉ፤ ያ ቦታ ካልታሰበበት መደርደሪያው ወይ ይወጣል ወይ ኬብሉን እየተጫነ ይቀመጣል። ሞዱላርነት የሚያድነን እዚህ ላይ ነው፦ መደርደሪያው በሁለትና ሦስት ቦታ ሊቀመጥ የሚችል ከሆነ፣ የጣሪያው የራዲያተር መያዣ ወደ ጎኑ መስታወት በኩል የሚሸሽ ከሆነ ግጭቱ ይፈታል። አውጥቶ መጣል ብቻ ከሆነ አማራጩ ግን ገዢው አንዱን አግኝቶ ሌላውን ያጣል። ስለዚህ «ይወጣል ወይ?» ብለን አናበቃም፤ «ወጥቶ የት ይገባል?» ብለን እንጠይቃለን።

ከትልቅ ማዘርቦርድ ወደ ትንሽ ለምትለውጡ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ማዘርቦርዱን ከላሜራው ከፍ አድርገው የሚይዙት ትንንሽ የናስ ምሰሶዎች እንደ ማዘርቦርዱ መጠን ቦታቸው ይለያያል። ለድሮው ማዘርቦርድ የቆመ ምሰሶ ሳይነቀል ከቀረና ለአዲሱ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ከነካው ኤሌክትሪክ ያገናኛል፤ ማዘርቦርዱንም ሊያቃጥል ይችላል። ኬዙ ላይ ቦታዎቹ በፊደል ምልክት ከተደረገባቸው ስህተቱ ይቀንሳል። ይህን ስናይ ነጥብ እንሰጣለን።

ስለ አየር ሰፋ አድርገን ብንጽፍ ፍቀዱልን፤ የኬዝ ዋና ሥራ ዕቃ መያዝና ሙቀት ማስወጣት ነውና። አየር ብዙ ሙቀት አይሸከምም። 1 ኪዩቢክ ሜትር አየርን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 1.2 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃል። 400 ዋት የሚወስድ ማሽን ውስጥ በሰዓት 100 ኪዩቢክ ሜትር አየር ቢያልፍ፣ የሚወጣው አየር ከገባው በ12 ዲግሪ ይሞቃል። የፊቱ ሽፋን አየሩን አንቆ ፍሰቱን ወደ 50 ካወረደው ግን ልዩነቱ 24 ዲግሪ ይሆናል። ማራገቢያዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ፊት ለፊት ያለው ሽፋን ብቻ ነው።

ስለዚህ ማንም ቤቱ ሊሠራው የሚችል ፈተና አለን። ማራገቢያዎቹን በማይለዋወጥ ፍጥነት እናስራቸውና ማሽኑን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በሥራ እናስጨንቀዋለን። ሙቀቱ መጨመሩን ሲያቆም የፕሮሰሰሩንና የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት መዝግበን የክፍሉን ሙቀት እንቀንስበታለን፤ ክፍሉ ትናንትና ዛሬ እኩል ስለማይሞቅ ይህ ቅናሽ ካልተደረገ ቁጥሩ ያታልላል። ከዚያ የፊቱን ሽፋን አውልቀን ያንኑ እንደግማለን። ልዩነቱ 2 ወይም 3 ዲግሪ ከሆነ ሽፋኑ ይተነፍሳል። 8ና 10 ከሆነ ጉሮሮው ታንቋል፤ ተጨማሪ ማራገቢያ መግዛትም ብዙ አይረዳውም። እንዲህ ያለ ኬዝ ከተጨማሪ ባለ ወንፊት ሽፋን ጋር ከመጣና ሽፋኑን መቀየር ከተቻለ ግን ሞዱላርነቱ በተግባር ጠቀመ ማለት ነው። የፊቱ ማራገቢያ ከኋላው ባዶ የሃርድ ዲስክ መደርደሪያ ካለበትም አውጡት፤ ብረቱ በከንቱ አየሩን ይከፍለዋል።

አቧራን በተመለከተ፣ በማጣሪያ በኩል የሚገባው አየር ከሚወጣው በትንሹ ቢበልጥ እንመርጣለን። ውስጡ ያለው ግፊት ከፍ ስለሚል አቧራ በየስንጥቁ እየተሳበ አይገባም። ይህ የሚሠራው ግን ማጣሪያው ሲጸዳ ነው፤ የሚጸዳው ደግሞ ለማውጣት ቀላል ሲሆን ነው። የታችኛውን ማጣሪያ ለማውጣት ኬዙን መገልበጥ ግድ ከሆነ ማንም አያጸዳውም። ከፊት ወይም ከጎን እንደ መሳቢያ የሚሳብ ይሁን እንላለን።

ድምፅን በጆሮም በመለኪያም እናያለን። ኬዙን አጥብቀን የምንመረምረው ሃርድ ዲስክ ላለው ሰው ነው፤ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ የላላ መደርደሪያም ያንን እንደ ከበሮ ያጎላዋል። ተነቃይ መደርደሪያ ከተበየደው የበለጠ የመላላት ዕድል ስላለው፣ ላስቲክ የሌለውንና በሁለት ብሎን ብቻ የተንጠለጠለውን አንቀበልም።

የጎን መስታወቱን ስታወልቁ ሴራሚክ ወለል ላይ አታቁሙት። የተጠናከረ መስታወት መሀሉን ቢመታ ብዙ ይችላል፤ ጠርዙ ግን በጠንካራ ነገር ሲነካ በአንድ ጊዜ ወደ ደቃቅ ፍርፋሪ ይለወጣል። ይህ ደርሶበት በድንጋጤ የደወለልን ደንበኛ አለ። ጨርቅ ወይም ካርቶን ላይ ጋደም አድርጉት።

ግራፊክስ ካርዱን አቁሞ የሚያሳይ መያዣ ለምትፈልጉ፣ ሁለት ነገር ተመልከቱ። ካርዱ ወደ መስታወቱ በጣም ከተጠጋ የራሱን ሙቅ አየር መልሶ ይስባል። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ኬብል ደግሞ ለፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱና ማዘርቦርዱ የሚገናኙበት መስመር) 3.0 የተሠራ ሆኖ ማዘርቦርዱና ካርዱ 4.0 ከሆኑ፣ ማሽኑ ምስል ላያወጣ ወይም በየመሀሉ ሊቆም ይችላል፤ ያኔ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ፍጥነቱን ወደ 3.0 ማውረድ መፍትሔ ነው። ባለ ታይፕ ሲ የፊት መሰኪያ ስትመርጡም ማዘርቦርዳችሁ የሱን የውስጥ ሶኬት መያዙን አረጋግጡ፤ ከሌለው ቀዳዳው ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

በመጨረሻ የምንጠይቀው አምራቹን ነው። የጠፋ መያዣ፣ የተሰበረ ማጣሪያ፣ ተጨማሪ መደርደሪያ ለብቻው ይሸጣል ወይ? ክፍሎቹ ለብቻቸው የማይገኙለት ኬዝ አንድ ፕላስቲክ ሲሰበር ሞዱላርነቱ ያበቃል። መልስ ካላገኘን በሌላው ሁሉ ቢያልፍም «ሞዱላር» ብለን አንሸጥላችሁም፤ እንደ ተራ ኬዝ እናቀርበዋለን፣ ይህንንም በግልጽ እንነግራችኋለን።

ኬዝ እንድንመርጥላችሁ ስትጠይቁን እነዚህን ልኬቶች ላኩልን፦ የግራፊክስ ካርዳችሁን ርዝመትና ውፍረት፣ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣውን ቁመት፣ የፓወር ሰፕላዩን ርዝመት፣ የራሙን ቁመት፣ ስንት ሃርድ ዲስክ እንዳላችሁ። ከቻላችሁ በሚቀጥሉት ዓመታት ልትጨምሩ ያሰባችሁትንም ጻፉልን። ኬዙ ውስጥ የማይገጠሙ ሆነው የተረፉ መያዣዎችንና ብሎኖችን ከነከረጢታቸው አብረን እንሰጣችኋለን፤ እባካችሁ ከካርቶኑ ጋር አትጣሏቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የመገጣጠምና የጥገና ክፍል