ስለ ዴዴ ጠይቂልኝ

እህትዓለሜ፣

የፋሲካ ዕለት ስልክሽን አላነሳሁም፤ ለላክሽልኝ መልእክትም መልስ ሳልሰጥ ዓመት አለፈ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሰበብ አልደረድርም። ቁጣሽን ግን አንብበሽ እስክትጨርሺ አቆዪልኝ፤ የምለምንሽ ነገር አለ።

አንድሬ ደ ዮንግ የምትባል ቤልጂየማዊት ነርስ አዲስ አበባ፣ ሥጋ ደዌ ሆስፒታል ውስጥ ሠርታ ነበር። ዘነበወርቅ ያሉትን ጡረተኛ ነርሶች አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፤ ድሮም ሰው አናግረሽ የማታወጪው ወሬ የለም! የሚያስታውሳት ካለ ጠይቂልኝ። የቁልምጫ ስሟ ዴዴ ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1941 (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ቤልጂየምንና ፈረንሳይን ይዘው ሳለ፣ ዕድሜዋ 24 ነበር። ከብራስልስ ተነስታ፣ አንድ የእንግሊዝ ጦር ወታደርና ሁለት ቤልጂየማውያን አስከትላ ስፔን፣ ቢልባኦ ወደሚገኘው የእንግሊዝ ቆንስላ ገባች። ይህች ቀጭን ልጅ ፈረንሳይንና ስፔንን የሚለየውን የፒሬኒስን ተራራ አቋርጣለች ብሎ ማን ይመን? የጠየቀችው የመንገድ ወጪ ብቻ ነበር። የእንግሊዝንና የአጋሮቿን አብራሪዎች በድብቅ ወደ ስፔን የማሸሹን መስመር ግን እኛው እንመራዋለን አለች፤ ኮሜት የተባለው እሱ ነው።

አውሮፕላኑ ተመትቶ በጃንጥላ የወረደ አብራሪ መጀመሪያ ሰው ቤት ይደበቃል። ተራ ልብስና ፎቶው ያለበት ሐሰተኛ መታወቂያ ይዘጋጅለታል። ከዚያ በባቡር ወደ ፓሪስ፣ ከፓሪስ ደግሞ ወደ ስፔን ድንበር። ፈረንሳይኛ ስለማይችል አንድ ቃል ከወጣው አለቀለት፤ ስለዚህ የተኛ መስሎ ይጓዛል። ድንበሩ አጠገብ፣ ኡሩኝ የምትባል የፈረንሳይ መንደር አካባቢ ካለች የእርሻ ቤት ሲደርስ ድምፅ የማያሰማ፣ ሶሉ ከገመድ የተሠራ የሸራ ጫማ ይሰጠዋል። ሌሊቱን ፍሎሬንቲኖ የሚባል የባስክ ኮንትሮባንድ ነጋዴ ከፊት ይመራል።

ክፉው ድንበሩ ላይ ያለው ቢዳሶዋ ወንዝ ነው። ሱሪ ወልቆ አንገት ላይ ይታሰርና እጅ ለእጅ ተያይዞ ይገባል። ዝናብ ከጣለ ግን ወንዙ አያሻግርም፤ ወይ መጠበቅ ነው፣ ወይ እስከ ድልድዩ ብዙ ሰዓት ተጨማሪ መሄድ። በታኅሣሥ 1943 አንድ የመስመሩ መሪና አንድ አሜሪካዊ አብራሪ እዚያው ሰምጠዋል።

ዴዴንም ያስያዛት ዝናብ ነው ማለት ይቻላል። ጥር 15 ቀን 1943 ወንዙ ሞልቶ እዚያች የእርሻ ቤት ሲጠብቁ ከሦስት አብራሪዎች ጋር ተያዘች። እስከዚያ 118 ሰው አሻግራለች። በምርመራ ላይ መሪዋ እኔ ነኝ ብትል ጀርመኖቹ አላመኗትም፤ እኔ እንደሚመስለኝ ያተረፋት ይኸው ንቀታቸው ነው። ራቨንስብሩክና ማውትሃውዘን በተባሉ የናዚ ማጎሪያ ካምፖች ታስራ በሚያዝያ 1945 ወጣች። የእርሻ ቤቷ እመቤት ፍራንቺያ ግን ከራቨንስብሩክ አልተመለሰችም። የዴዴን አባትም መጋቢት 28 ቀን 1944 ፓሪስ ላይ ረሽነውባታል።

ከዚያ በኋላ ዴዴ ነርስ ሆና ኮንጎ፣ ካሜሩን፣ አዲስ አበባ፣ ሴኔጋል፤ ሁሉም ቦታ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ዘንድ። እስር ቤቱ ነው ወደዚያ የገፋት ይባላል። ይህ አባባል ያናድደኛል። እሷ ራሷ ከ15 ዓመቷ ጀምሮ የምመኘው ሥራ ነው ብላለች፤ ጦርነቱ አዘገያት እንጂ አልፈጠራትም። ግን... እንዴት ልበልሽ፣ ያን ሁሉ ያየች ሰው ቁስል ስታጥብ ምን ይሰማት ነበር እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ። ጥቅምት 2007 ላይ በ90 ዓመቷ ስላረፈች እሷን መጠየቅ አይቻልም። አብረዋት የሠሩት ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

የትኛው ክፍል እንደነበረች፣ አማርኛ ትሞክር እንደሆነ፣ ከሕሙማኑ ጋር እንዴት እንደነበረች ጠይቂልኝ። ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። ተቆጪኝ፣ ብቻ አንሺው።