ኮምፕሬሰሩ ምን አጠፋ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሰሞኑን ስለ ከባድ መኪና መለዋወጫ ውድነት ያወጣችሁትን አነበብኩ። ዋጋው ሰማይ መንካቱ እውነት ነው። ግን ያልተበላሸ ዕቃ እየቀየርን የምናወጣው ብርስ? ስለዚያ አንድም ቃል አላየሁም።

እኔ መካኒክም ሹፌርም አይደለሁም። ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት ተሳቢ ያላት የጭነት መኪና አለችኝ። ከዚህ እህል ጭና አዲስ አበባ ትሄዳለች፣ ስትመለስ ሲሚንቶ ይዛ ትመጣለች። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የመኪናዋን ነገር የምከታተለው እኔው ነኝ። ጋራዥ ስገባ «እሷ ደግሞ ምን ታውቃለች» የሚለው አስተያየት ወዲያው ይገባኛል።

ክረምት መግቢያ ላይ ሹፌሬ ደወለ። «እትዬ፣ አየር አልሞላ እያለኝ ነው» አለኝ። የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው ኮምፕሬሰር የሚባለው ፓምፕ በሚሞላው የታመቀ አየር ነው። የአየሩን ግፊት የሚያሳየው ጌጅ 8 ባር አካባቢ ደርሶ መቆም ሲገባው 6 ላይ ይንገዋለላል። ፍሬን በያዘ ቁጥር ደግሞ ይወርዳል። እንደ መኪናው ቢለያይም 4 ወይም 5 ባር አካባቢ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል። አየሩ ከዚያም በታች ከወረደ ቻምበሩ (ጎማው አጠገብ ያለው፣ ፍሬኑን የሚገፋው የአየር ጣሳ) ውስጥ ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) ራሱ ፍሬኑን ይይዝና መኪናው መንገድ ላይ ይገተራል። ይህን ይዞ ዓባይ በረሃ መውረድ አይታሰብም። ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው።

ጋራዥ ወሰድናት። ልጆቹ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ ሞተር አስነሱ፣ ከሥር ገብተው አዳመጡ። ጭጭ። «በቃ፣ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል» ተባለ። ቆማ ሳለች ጌጁ ጥሩ አድርጎ መሙላቱን ማንም ልብ አላለውም። ኮምፕሬሰሩ ተቀየረ። የከፈልኩትን አልጽፈውም፣ ያናድደኛል። በሚቀጥለው ጭነት መኪናዋ ገና ደብረ ማርቆስ ሳትደርስ ያው ሆነች።

ከዚያ ሰው ጠቁሞኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አመጣሁ። የያዙት መፍቻና በሃይላንድ የተበጠበጠ ፈሳሽ ሳሙና ብቻ ነው። መጀመሪያ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ አስያዙ። አየሩ እስኪሞላ ጠበቁና ሞተሩን አስጠፉ። ቀጥለው ሹፌሩን «የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ» አሉት። ይኼኔ ሲስስስ የሚል ድምፅ መጣ። ከኋላው አክስል በላይ ያለው፣ ለኋላ ፍሬን አየር የሚያስተላልፈው ሪሌይ ቫልቭ መተንፈሻ ላይ ሳሙናውን ሲያፈሱበት አረፋው እየተነፋ ፈነዳ።

ሹፌሬ «ቫልቩ ነዋ፣ እንቀይረው» አለ። «ቆይ እስቲ፣ የእጅ ፍሬኑን መልሰህ ያዝ» አሉት። ያዘው። ድምፁ ጠፋ። ለቀቀው። መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው ብለው አስረዱኝ። የኋላው ቻምበር ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የእግር ፍሬን አየር የሚገባበት ነው። በሌላኛው ትልቅ ሞላ አለ፤ የእጅ ፍሬኑ ሲለቀቅ አየር ገብቶ ያንን ሞላ ጨምቆ ይይዘዋል። በመካከላቸው ያለችው የጎማ ቀለበት ከተበላች አየሩ ከሞላው ክፍል ወደ እግር ፍሬኑ ክፍል ሾልኮ፣ በቱቦው ወደኋላ ተመልሶ፣ በቫልቩ መተንፈሻ ይወጣል። የእጅ ፍሬኑ ሲያዝ የሞላው ክፍል አየር ስለሚለቀቅ የሚሾልክ ነገር አይኖርም። ቫልቩ ራሱ ቢሆን ኖሮ ግን ድምፁ በዚያም ጊዜ አይጠፋም ነበር። ጋራዡ ያዳመጠው ታዲያ በሽታው በተኛበት ሰዓት ነው! ቱቦዎቹን ተራ በተራ ሲፈቱ ከቀኙ ቻምበር አየር ወደኋላ ወጣ። ሞላውን በረጅሙ ማሰሪያ ቡሎን ካሰሩት በኋላ ሙሉውን ቻምበር ቀየሩት። ያንን ሞላ ሳያስር ቻምበር የሚፈታ ሰው ካያችሁ ሽሹ። ሰው ይገድላል።

ኮምፕሬሰር የሚጠረጠርበት ጊዜ የለም እያልኩ አይደለም። ማታ ማታ ከአየር ታንኮቹ ሥር የሚፈሰውን እዩት። ጣና ዳር በክረምት ውሃ ቢበዛበት አይገርምም፤ የአየር ማድረቂያውን ማስታየት ነው። ዘይት በብዛት ከተቀላቀለበት ግን ኮምፕሬሰሩን መጠርጠር ያስኬዳል። ዘግይቶ ስለሞላ ብቻ አይፈረድበትም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው፤ ጂቡቲ ላይ እንደሚሞላው ፈጥኖ አይሞላም። አየር የሚያሾልክ ቦታ መኖር አለመኖሩን ደግሞ በ1 ደቂቃ ማወቅ ይቻላል። በአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ ሞተር ጠፍቶ፣ ፍሬን ተለቅቆ፣ ተሳቢ ያለው መኪና በደቂቃ ከ3 ፒ.ኤስ.አይ በላይ አየር ካጣ ይወድቃል። 3 ፒ.ኤስ.አይ ማለት 0.2 ባር ያህል ነው። ሰዓትና ጌጅ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ጌጅ ሞላ ብሎ መተማመንም የለም። የፍሬን ሸራው አልቆ ወይም ፍሬኑ ላልቶ ከሆነ 8 ባር እያለም አይይዝም። ሸራው ተጭኖ የሚያቆመው ታምቡር ሲግል ደግሞ ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል። ፎገራ ሜዳ ላይ ይህ አይታወቅም፤ ዓባይ በረሃ ላይ ነው የሚታወቀው።

አሁን ጋራዥ ስሄድ ሁለት ነገር አስቀድሜ እናገራለሁ። አረፋውን በዓይኔ ካላየሁ አልከፍልም። የተፈታው ዕቃም ለእኔ ይመለሳል። የመጀመሪያው ጋራዥ አሮጌውን ኮምፕሬሰር ስጠይቅ «ተጣለ» ነበር ያለኝ። ጤነኛ ኮምፕሬሰር እንዴት ይጣላል? ዛሬ የማን መኪና ላይ ተገጥሞ አየር እየሞላ እንደሆነ እነሱ ይወቁ።

አንዲት የጭነት መኪና ባለንብረት
ከባሕር ዳር