ስለ አጭሩ ጤፍ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታዬ በዛ፤ ቅር እንዳትሰኝብኝ። «የጤፋችንን ጂን ሊነካኩት ነው አሉ፤ እውነት ነው?» ያልከኝ ግን ሳይመለስ መቅረት የለበትም።

እውነት ነው። የአሜሪካው ዳንፎርዝ የዕፅዋት ሳይንስ ማዕከል ከኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ጋር የያዘው ሥራ ነው። መነሻው መጋሸብ ነው። የጤፍ አገዳ ቀጭን ነው፤ ዩሪያ ሲበዛለት ይረዝምና ዝናብና ነፋስ ያስተኙታል። ፍሬው በደንብ አይሞላም፤ መሬት የነካው ይበላሻል፤ ኮምባይነርም አያነሳውም።

የሚቆረጠው ኤስዲ-1 የሚባል፣ ተክሉን የሚያስረዝመው ሆርሞን እንዲሠራ የሚያግዝ ጂን ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣው አይአር8 ሩዝ አጭር የሆነውም በዚሁ ጂን ጉድለት ነው፤ ያኛው ጉድለት ግን በተፈጥሮ የመጣ እንጂ በጂን መቁረጫ የተቆረጠ አልነበረም። ጤፍ ከሁለት የጥንት ሣሮች የወረሰው ሁለት ቅጂ ስላለው፣ አንዱ ብቻ ከተቆረጠ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል።

ካስ9 የሚሉትን የጂን መቁረጫና የት እንደሚቆርጥ የሚመራውን አርኤንኤ የሚያመርተውን ዲኤንኤ በባክቴሪያ አማካይነት ሕዋሱ ውስጥ ያስገባሉ። ሕዋሱ የተቆረጠውን ሲጠግን ጥቂት የዲኤንኤ ፊደል ይጎድለዋል ወይም ይጨመርበታል፤ ጂኑም ከሥራ ውጭ ይሆናል። ከዚያ ተክሉ በራሱ ዘር ይራባል። መቁረጫው የተቀመጠው አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ከአራት ችግኝ አንዱ ገደማ ከመቁረጫው ነጻ ይወጣል፤ ይህም በፒሲአር፣ ማለትም የተፈለገውን የዲኤንኤ ቁራጭ አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ፣ ይጣራል። ፒሲአሩ ግን መቁረጫው መቅረቱን እንጂ ሌላ ቦታ ቆርጦ ማለፉን አይነግርህም። ለዚያ ዲኤንኤው መነበብ አለበት፤ ጥፋት ከተገኘ ከእናት ዝርያው ጋር ደጋግሞ በማዳቀል ይጠራል። በዚህ መንገድ ያለፈውን ጤፍ እንጀራ ለመብላት እኔ አልሰጋም።

የሚያሳስበኝ ጭዱ ነው። አገዳው ሲያጥር ጭዱ ይቀንሳል፤ በሬው የሚበላው፣ ቤቱም የሚመረግበት እሱ ነው። እርጥበት በሚያጥርበት፣ ጤፉ ድሮውንም በማይረዝምበት አገር ደግሞ ትርፉ ብዙም አይታየኝም።

በሰው ላይ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው፣ በዚሁ መቁረጫ የሚሠራው የሲክል ሴል (በዘር የሚወረስ የደም በሽታ) ሕክምና የታማሚውን የደም ሕዋስ ብቻ ስለሚነካ ወደ ልጅ አያልፍም። በ2018 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ በጽንስ ላይ የተደረገው የጂን ቆረጣ ግን ለዘር የሚተላለፍ ነው፤ የሰውን ስህተት ደግሞ እንደ ጤፍ አዳቅለህ አታጠራውም።

አጭሩን ዘር ይዞ የሚመጣ ካለ፣ ከምርቱ በፊት የጭዱን ክብደት በሄክታር ጠይቀው። ዘሩን ለከርሞ ከጎተራ ማስቀረት ይፈቀድ እንደሆነም በጽሑፍ ይስጥህ።

ለእማማና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ