እባክሽ ደውይለት

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽ?

የጋሼን ለቅሶ አልደረስኩም። የሚረባ ምክንያት የለኝም። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀኑ ሲገፋ ይበልጥ አፈርኩ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ይቅር በይኝ። ስንገናኝ እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሻለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ጨንቆኛል፤ ከአንቺ ሌላ የምነግረው ሰው አጣሁ።

ስለ ታናሼ ነው። ያ "ሙጫው" የምትዪው ልጅ። ባለፈው እሁድ ከሜሪላንድ ደውሎ፣ ለወባ ክትባት ሙከራ ተመዝግቤያለሁ አለኝ። ክትባቱን ወስዷል። ቀጥሎ ወባ የያዙ አምስት ትንኞች ያስነክሱታል። በትንሽ ኩባያ ያደርጓቸውና አፉን በስስ መረብ ሸፍነው ክንዱ ላይ ያስጠጉታል። ክትባቱ ካልሠራ ወባው ደሙ ውስጥ ይታያል፣ ወዲያው ያክሙታል። ገንዘብም ይከፍሉታል። ለእማዬ እንዳትነግሪ አለኝ።

ጮህኩበት። "ደምህን ልትሸጥ ነው አሜሪካ የሄድከው?" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ "እሺ፣ ቻው" ብሎ ዘጋው።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ነርስነት ስንማር በሁለት መስመር ያለፍነውን የቢጫ ወባ ታሪክ ፈልጌ ማንበብ ጀመርኩ። "ዋልተር ሪድ፣ ኩባ፣ ትንኝ" ብለን የሸመደድነውን፤ በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ ለማጥናት ኩባ የሄደውን የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች ቡድን የመራውን ሪድ። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት ብሎ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1881 የተናገረው ኩባዊው ካርሎስ ፊንሌይ መሆኑን ረስተሽ ከእኔ የኮረጅሽውን! አሁን ትክጂ ይሆናል።

ከሪድ ስም ጀርባ ስንት ሰው እንዳለ አናውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1900 ከሪድ ቡድን ዶክተር ጄምስ ካሮል ለትንኝ ክንዱን ሰጠ። ትንኟ ከ12 ቀን በፊት በሽተኛ የነከሰች ናት። የመስታወት ቱቦውን ክንዱ ላይ ደፍተው ደም እስክትመጥ ጠበቁ። ካሮል ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ትንኞቹን ይንከባከብ የነበረው ባልደረባው ጄሲ ላዚር ግን ሴፕቴምበር 25 ሞተ። ገና 34 ዓመቱ። ሚስቱ አራስ ነበረች። ሪድ ያኔ ዋሽንግተን ነበር።

ከሃቫና ወጣ ብሎ በላዚር ስም ካምፕ ተከሉ። እዚያ አንዲት ጠባብ የእንጨት ቤት ነበረች። ዶክተር ሮበርት ኩክ ከሁለት ወታደሮች ጋር ገብተው፣ በቢጫ ወባ የሞቱ ሰዎች አንሶላና ትራስ የታጨቀበትን ሣጥን ከፈቱ። ትውከት፣ ሽንት፣ ሰገራ የደረቀበት ጨርቅ። ቤቱ ዝግ፣ ምድጃው የሚነድ። ያን ሽታ አንቺና እኔ እናውቀዋለን። መቋቋም አቅቷቸው ሮጠው ወጡ። ከዚያ ተመልሰው ገቡ፣ አንጥፈውም ተኙበት። ሃያ ሌሊት! አንዳቸውም አልታመሙም። በሽታው በጨርቅ እንደማይተላለፍ በዚህ ታወቀ።

ወታደሩ ጆን ኪሲንጀርና ጸሐፊው ጆን ሞራን ገንዘብ አንፈልግም አሉ። ታሪክ እነሱን ያነሳል፣ ይገባቸዋልም። እኔ ግን ሐሳቤ የቀረው ስፔናውያኑ ስደተኞች ጋ ነው። 100 ዶላር በወርቅ፣ ከታመሙ ሌላ 100። በቋንቋቸው የተጻፈ ስምምነት ላይ ፈረሙ፤ ወረቀቱ ሕይወት ሊያልፍ እንደሚችል ይናገራል። አንቶኒዮ ቤኒኞ የሚባለውን ስም ከዚህ በፊት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እሱን የነከሰችው ትንኝ ገንዘብ ተቀብሏል ብላ አልራራችለትም።

ነርሷ ክላራ ማስ ደግሞ 25 ዓመቷ ነበር። ለእናቷ ገንዘብ የምትልክ ልጅ ነበረች። በ1901 አንዴ ተነክሳ ቀለል ብሎ አለፋት። ኦገስት ላይ እንደገና ክንዷን ሰጠች፣ በአሥር ቀኗ ሞተች። እዚህ ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ አለቀስኩ።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ... እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። የእማዬን የስኳር መድኃኒት የሚገዛው እሱ ነው። ባለፈው ወር "ዋጋው ጨምሯል፣ ትንሽ ጨምርበት" ብዬ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ እኔው መልሼ ደምህን ሸጥክ አልኩት።

የዛሬው ሙከራ የያኔው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያኔ ለቢጫ ወባ መድኃኒት አልነበረም፣ ለወባ ዛሬ አለ። ሐኪሞቹም ይከታተሉታል። ይህን ሁሉ ለሌላ ሰው እህት ቁጭ ብዬ አስረዳ ነበር። ለራሴ ሲሆን ሆዴ አልቀበል አለ።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው። እኔ ስደውል አያነሳም። የአንቺን ያነሳል። ተው በይው አልልሽም፣ በርታ በይውም አልልሽም። የፈረመውን ወረቀት አብራችሁ አንብቡት። መሃል ላይ ልውጣ ቢል መውጣት ይችል እንደሆነ፣ ሌሊት ቢያተኩሰው ለማን እንደሚደውል፣ ብቻውን ከሆነ ማን እንደሚደርስለት ጠይቂው። እህትህ ተቆጥታ ሳይሆን ደንግጣ ነው በይልኝ።

እኛ ጋ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሲሆን እሱ ለሥራ እየተነሳ ነው። ያን ጊዜ ደውይለት። ከዚያ፣ ከከፋሽም ከፍቶሽ፣ ለእኔም ደውይልኝ።