መርጋት ቅንጦት አይደለም

ለአዘጋጁ፣

ሩጫ ስለበዛበት ኑሮ ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ ረጋ ማለትን ጊዜ የተረፈው ሰው ቅንጦት አድርጎ አቅርቦታል። በዚህ አልስማማም።

ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ያሳተሙት ጥናት አለ። በአሜሪካ፣ ፕሪንስተን የሚማሩ የሥነ መለኮት ተማሪዎች ንግግር ለማድረግ ከአንድ ሕንጻ ወደ ሌላ እንዲሄዱ ተነገራቸው። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር አንገቱን ደፍቶ ያስላል፣ ያቃስታል። «ረፍዶብሃል፣ ቶሎ በል» ከተባሉት የረዱት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ካልተጣደፉት ግን 63 በመቶዎቹ ረድተዋል። ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ደግሞ እንዲናገሩ የታዘዙት በመጽሐፍ ቅዱስ ምሳሌ ውስጥ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ስለረዳው ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር! ክፉ ሆነው አይመስለኝም። የቸኮለ ሰው አጠገቡ ያለውን ልብ አይልም። ቤታችንም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ልጅ ሲያወራን ዓይናችን ስልክ ላይ ተተክሎ «እሺ፣ እሺ» እንላለን። ልጁም ወሬውን ሳይጨርስ ይሄዳል።

መርጋት ሥራ ያጓትታል የሚለውም አያሳምነኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ቅጽ፣ ሐኪሞች ምላጭ ከማሳረፋቸው በፊት ቆም ብለው የታካሚውን ማንነትና የሚደረግለትን ሕክምና በቃል እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል። የሰው ሕይወት በእጃቸው ያለ ሰዎች ቆም ካሉ፣ እኛ ቢሮ ውስጥ ምን ያጣድፈናል?

ስለዚህ አለቆች አንድ ነገር ይሞክሩ። የ1 ሰዓት ስብሰባ በ50 ደቂቃ ይለቅ። የቀረው 10 ደቂቃ ሌላ ሥራ ሳይታጨቅበት ለሠራተኛው ይተው።