ኪራይን በ12 እያባዛችሁ ሰው አታሳስቱ

ክቡር አዘጋጅ፣

ለአነስተኛ ቤት አከራዮች ምክር ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ደብረ ማርቆስ ያላነበበው ጥቂት ነው። በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። እኔም ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ ግቢዬ ውስጥ ያሉትን ሰርቪስ ክፍሎች አከራይቼ ነው የምኖረው። ስለዚህ ደጋግሜ አነበብኩት። ብዙ ነገር ይላል። እኔን ያናደደኝ ግን አንዲት ስሌት ናት።

አምስት ክፍል ሠራችሁ እንበል ይላሉ ጸሐፊው። አንዱ ክፍል በ3 ሺሕ ብር ቢከራይ በወር 15 ሺሕ ይገባል። ከዚያ በ12 ያባዙትና 180 ሺሕ ብር ላይ ይደርሳሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ብድሩም፣ ትርፉም፣ ወጪው የሚመለስበት ዓመትም፣ በዚህች ቁጥር ላይ የቆመ ነው።

12ን ከየት አመጡት? እዚህ አገር የሚያከራይ አንድ ሰው ጠይቀው ነበር?

«ስሌቱ ለክልል ከተሞችም ይሠራል» ይላል ጽሑፉ። የወጣው ፎቶ የባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር የራሳችን ናት፣ እንኮራባታለን። ግን ጎጃም እዚያ አያልቅም። ደብረ ማርቆስ አለ፣ ፍኖተ ሰላም አለ፣ ቡሬ፣ ደንበጫ፣ ደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣ አለ። በእነዚህ ከተሞች ጓሮው ውስጥ ሁለትም ሦስትም ክፍል ቀልሶ የሚያከራይ ሰው ስንት ነው! የአንዳችንም ስም፣ የአንዳችንም ኑሮ ጽሑፉ ውስጥ የለም። ምክሩ ግን ለእኛም ነው ተብሏል።

እስቲ የእኛን ልንገራችሁ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በአብዛኛው ዶርም ውስጥ ነው የሚኖረው። የእኛን ክፍል የሚከራየው ሁለተኛ ደረጃ ሊማር ከገጠር የመጣ ልጅ ነው። ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ሄደው እሑድ ማታ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ከእነሱ ሌላ መምህር አለ፣ የጤና ባለሙያ አለ፣ ከወረዳ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ አለ።

ልጆቹ ሰኔ ላይ ፈተና ሲጨርሱ ዕቃቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። ሐምሌና ነሐሴ ክፍሉ ባዶ ነው። (ጳጉሜንማ ማንም ኪራይ አይከፍልባትም፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።) የሠራተኛ ዝውውርም የሚበዛው ክረምት ላይ ነው። አሁን የጸሐፊውን አምስት ክፍል እንደገና እናስላ። ሦስቱን ተማሪዎች ቢይዟቸው ለሁለት ወር ይቆለፋሉ፤ 18 ሺሕ ብር ቀረ። አንዱን የያዘው መምህር ሐምሌ ላይ ተዛውሮ ክፍሉ እስከ መስከረም መጨረሻ ቢቆይ ሌላ 9 ሺሕ ቀረ። 180 ሺሕ የተባለው 153 ሺሕ ሆነ። ይሄ ገና ምንም ሳይበላሽ ነው።

ግን ይበላሻል። የሚበላሸውም ያኔውኑ ነው፣ ክረምት ላይ። ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ይሄን ነው። ደብረ ማርቆስ ከጮቄ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። ዝናቡ ሲይዝ አይለቅም። የብዙዎቻችን ቤት ደግሞ ባሕር ዛፍ ቆሞ በጭቃ የተመረገ፣ በቆርቆሮ የተከደነ ነው። ሚስማሩ ይላላና ጣሪያው ያፈሳል። የአሸንዳው ውኃ ግድግዳው ሥር ይወርድና ምርጊቱን ያረግፈዋል። የሽንት ቤት ጉድጓድ ይሞላል። ኪራይ በማይገባበት ወር ገንዘብ የሚወጣበት ቤት ነው የያዝነው። በ12 ያባዛ ሰው ይሄንን አያየውም።

ስለዚህ ምክር ከተባለ እንዲህ ይባል ነበር። ምርጊትና ልስን በጥርና በየካቲት ይሠራ። ፀሐይ ስላለ ጭቃው በደንብ ይደርቃል። ጭዱም ከጭቃው ጋር ተቦክቶ ቀናት ይደር፤ ያልበሰለ ጭቃ ይሰነጠቃል። ቆርቆሮው ሚያዝያ ላይ ይታይ፣ የላላው ሚስማር ከነጎማው ይቀየር። በግድግዳው ዙሪያ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ግንቦት ሳያልቅ ይከፈት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ኪራይ ከሚገባባቸው ወሮች ከእያንዳንዱ ላይ ለሐምሌና ለነሐሴ ተቀንሶ ይቀመጥ። እኔ ይሄን ለማወቅ ጋዜጣ አላስፈለገኝም። አዲስ ለሚጀምር ልጅ ግን ያስፈልገዋል፤ እናንተም ልትነግሩት ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ክፉኛ ያስቀየመኝ ልምጣ። «ቋሚ ደመወዝ የሌለውን ተከራይ አታስገቡ» ብላችኋል። የገበሬ ልጅ ደመወዝ አለው? አባቱ እህሉን ወቅቶ፣ ሸጦ ነው የሚከፍለው። ኅዳር ላይ «እትዬ፣ ጤፉ እስኪወቃ ታገሡኝ» ይለኛል። እታገሠዋለሁ። ጥር ላይ ያለበትን በአንድ ጊዜ ይከፍላል፣ አንዳንዴም የሚቀጥለውን ወር ጨምሮ። ለዚያ አባት በየወሩ ክፈል ማለት ልጅህን ከትምህርት ቤት አስወጣ ማለት ነው። እናንተ አታስገቡ ያላችኋቸው ልጆች እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ፊደል ያስቆጠርኳቸው ዓይነት ልጆች ናቸው። ይሄን ስትጽፉ አልከበዳችሁም?

የሚያስፈልገው ከልጁ ጋር ሳይሆን ከአባቱ ጋር መፈራረም ነው። የአባትዬውን መታወቂያ ቅጂ መያዝ፣ ከተማ ውስጥ ያለ ዘመድ ዋስ ማድረግ፣ ኪራዩ የሚከፈልበትን ወር ውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ። ክፍሉ ሲረከቡ በሩ፣ መስኮቱ፣ ቁልፉ፣ አምፖሉ በምን ሁኔታ እንደነበረ በሁለት ምስክር ፊት መመዝገብ። ጠብ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ሲወጡ ነው እንጂ ሲገቡ አይደለም።

ሌላው ምክራችሁ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ተቀበሉ የሚል ነው። በ2016 የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን ጸሐፊው አላዩትም? ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ይላል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ሕጉን ያላነበበ ሰው ምክራችሁን ሰምቶ የስድስት ወር ቢቀበልና ቢከሰስ፣ አብራችሁት ትቆማላችሁ?

በእኛ ከተማ አዋጁ ላይ የሚነሣ እውነተኛ ጥያቄም አለ። መስከረም ገብቶ ሰኔ የሚወጣ ተማሪ እንዴት የሁለት ዓመት ውል ይፈርማል? ይሄን የከተማውን ቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ መልሱን ብታመጡልን ትልቅ ነገር ሠራችሁ እንላችሁ ነበር። በባንክ ይከፈል የሚለውም ቢሆን፣ ክልላችን ውስጥ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር መቼም አልጠፋችሁም።

ከሐምሌ 2015 ወዲህ ያለውንም አንሡት እንጂ። በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት አዘጋ፣ ስንት ልጅ ከትምህርት አስቀረ። ተማሪ ካልመጣ የእኛ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ይቆለፋል። መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶና ቆርቆሮ አይገባም፣ ቢገባም ዋጋው አይቀመስም። ከአዲስ አበባ ሆኖ «ፍላጎት ሁልጊዜ አለ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እዚህ መስከረም ላይ ልጆቹ ይመጡ ይሆን እያልን በር በሩን ነው የምናየው። ተማሪ የጠፋበት ዓመት ለእኔ በጣም ከባድ ነበር። የከበደኝ ደግሞ የገንዘቡ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ስለ ግብር የጻፋችሁትም የቆየ ነው። የ2008ቱን የገቢ ግብር አዋጅ ጠቅሳችሁ አለፋችሁ። አዋጁ በ2017 ተሻሽሏል። አከራይ የሆነ ሰው ጋዜጣ ላይ ባየው ቁጥር ሳይሆን በተሻሻለው ሕግ መሠረት ገቢዎች ሄዶ ይጠይቅ።

ስለ መብራት ደግሞ አንድም ቃል የለም። ተከራይና አከራይን የሚያጣላው ግን መብራት ነው። ታሪፉ በፍጆታ ደረጃ የተሠራ ነው። ፍጆታው ሲበዛ የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። አምስት ክፍል በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ድምሩ ሁሉንም ወደ ውዱ ደረጃ ይወስዳቸዋል። አንዱ ምጣድ ይጥዳል፣ ሌላው አምፖል ብቻ ያበራል፣ ሒሳቡ ግን እኩል ይካፈላል። ከዚያ ኩርፊያ ነው። የሚቻለው ለየክፍሉ ቆጣሪ ያስገባ። የማይቻለው በየክፍሉ የውስጥ ቆጣሪ ያስገጥም፣ ወይም ምጣድ የሚጥደው ስንት እንደሚጨምር ውሉ ላይ ያስፍር።

እኛን በሚመለከት ስትጽፉ ሁሌም አንድ ዓይነት ናችሁ። ወይ ስግብግብ አከራይ እንባላለን፣ ወይ በብድር ቤት ሠርታችሁ ክበሩ እንባላለን። በጡረታ ገንዘብ ላይ የክፍል ኪራይ ጨምራ መድኃኒቷን የምትገዛ ሴት በሁለቱም ውስጥ የለችም። አከራይ ስትሉ እሷም ትታሰባችሁ።

የምጠይቀው እርማት ነው። የስድስት ወሩ ቅድሚያ ክፍያ ስሕተት መሆኑ ይጻፍ። በ12 የተባዛው ስሌትም ክፍሉ ተከራይ በሚኖርበት ወር ብዛት ይስተካከል፣ የክረምቱ ጥገና ይቀነስበት። የባንክ ወለድ ሐምሌና ነሐሴ ላይም እንደሚቆጠር ይነገር። እርማቱ ጥግ ላይ ተደብቆ ሳይሆን ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ ይውጣ። ቶሎም ይሁን። ጎረቤቴ ጽሑፋችሁን አሳትማ በቦርሳዋ ይዛዋለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለብድር ባንክ ቀጠሮ አላት። እኔ ነግሬያታለሁ። እሷ ግን የምታምነው ጋዜጣውን ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አከራይ፣ ከደብረ ማርቆስ